ስለ ፒክ አፕ መኪናችን የኤሌክትሪክ ሕመም

(በተማሪዎች ማኅበር የቅዳሜ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የንግግራችን ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ የጋራዥ ወሬ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ንግግር አይደለም» ብለው እንደ ሳቁብን ሰምተናል። አልተቀየምንም። ከሦስት ወር በፊት ቢሆን ኖሮ እኛም ከሳቂዎቹ መካከል እንሆን ነበር። ነገር ግን ጉዳዩ የአንድ ሰው ደመወዝና የአንድ ሰው ስም የነካ ስለ ሆነ፤ ደግሞም ብዙዎቻችሁ በዚያች ሌሊት መኪናዋን በገዛ ትከሻችሁ የገፋችሁ ስለ ሆናችሁ፤ ስለ ምን እምቢ እንዳለች ማወቅ መብታችሁ ነው ብለን ቀርበናል።

መኪናዋን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ባለ ሁለት ጋቢና፤ በናፍጣ የምትሠራ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክ አፕ ናት። ጧት ዳቦና አትክልት ታመጣለች፤ ቀን ስትላላክ ትውላለች፤ ሌሊት የታመመ ተማሪ ሲኖር ሐኪም ቤት ታደርሳለች። ሃይሉክስ የሚባለው መኪና መጀመሪያ የወጣው በ1968 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የኛዋ ከዚያ ብዙ ዘግይታ የተሠራች ብትሆንም ኮምፒዩተር የሌለባት የዱሮው ዓይነት ናት። ይህም ለኛ ለጀማሪዎች ትልቅ ዕድል ሆኖልናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር አንድ ጧት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሾፌራችን ቁልፉን ቢያዞሩ ሞተሪኖው አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። «መብራት ሳያጠፉ አድረዋል» ተባለና አዲስ ባትሪ ተገዛ። በየካቲት ወር ያው ነገር ተደገመ። ሁለተኛ አዲስ ባትሪ ተገዛ፤ በዚህ ጊዜ ግን ዋጋው ከጋሼ ደመወዝ በየወሩ እየተቆረጠ እንዲከፈል ተወሰነ። ወሳኙ ማን እንደ ሆነ መናገር ለዛሬው ጉዳያችን አያስፈልግም። ጋሼ «መብራቱን በእጄ አጥፍቻለሁ» አሉ። የሌሊቱ ዘበኛ አባባም «እኔ እዚያው በር ላይ ነኝ፤ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ሲያበራ ዓይኔ አያየውም ወይ?» ብለው መሰከሩ። የሁለቱንም ቃል የተቀበለ አልነበረም።

በሰኔ ወር በፈተናው ሰሞን ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት አንድ ጓደኛችን የትርፍ አንጀት ሕመም ተነሣበት። መኪናዋ አልነሣም አለች። ሠላሳ የምንሆን ተማሪዎች ከነሌሊት ልብሳችን ወጥተን ቁልቁለቱን ገፋናት፤ ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ ለቀቋትና ተነሣች። ባትሪው ሞተሪኖውን ለማዞር አቅም ባይኖረውም የናፍጣውን መክፈቻ ለመያዝ የሚበቃ ጥቂት ኃይል ቀርቶት ስለ ነበረ ነው እንጂ ጨርሶ ባዶ ቢሆን ኖሮ መግፋቱም ባልጠቀመን። ጓደኛችን ደኅና ሆኖ ዛሬ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ይስቅብናል። በማግሥቱ ግን «ሦስተኛ ባትሪ ከተማሪዎች መዋጮ ይገዛ፤ ሾፌሩም ይሰናበት» የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኛ ሦስት የማኅበሩ አባሎች ተነሥተን የሁለት ሳምንት ጊዜና የአንድ ቴስተር መግዣ ገንዘብ ለመንን። የቴስተሩ ዋጋ የባትሪውን አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። የፊዚክስ መምህራኖቻችን ይታገሡን፤ ለሕግና ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስንል ከሥሩ እንጀምራለን።

በመኪና ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ እንደ አንድ ገበሬ ቤት አድርጋችሁ አስቡት። ባትሪው ጎተራው ነው፤ አልተርናተሩ አራሹ ነው። ሞተሪኖው ደግሞ ድግስ ነው፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከ200 አምፔር በላይ ከጎተራው ይዝቃል። መብራቱ፤ ማራገቢያው፤ ጡሩምባው የየዕለቱ ቀለብ ናቸው። ድግሱ ካለፈ በኋላ አራሹ ቀለቡንም ችሎ፤ ከጎተራው የተወሰደውንም መመለስ አለበት። አንድ ቀን ጎተራው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ጥፋቱ የጎተራው ነው ብሎ አዲስ ጎተራ የሚሠራ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁን? እኛ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ እንዲሁ አደረግን።

የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የፈረንሳዊው የጋስቶን ፕላንቴ ሥራ ነው፤ ዘመኑም 1859 (እ.ኤ.አ.) ነው። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚነሣ መኪና በ1912 የካዲላክ ፋብሪካ እስኪያወጣ ድረስ ሰው በክራንክ እያዞረ ክንዱን ይሰብር ነበር። አልተርናተር ግን በተራ መኪናዎች ላይ የተስፋፋው ከ1960 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት ሥራው የዲናሞ ነበር። ዛሬም ብዙ መካኒኮች አልተርናተሩን ዲናሞ ብለው ሲጠሩ የምንሰማው ከዚያ በቀረ ልማድ ነው።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ የምታዩት ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በቁራሌ ዋጋ የገዛነው ያረጀ አልተርናተር ነው። ይህ በመካከል ያለው ቺንጋው የሚያሽከረክረው ማግኔት ነው፤ እነዚህ ሁለት ትንንሽ የካርቦን ቁራጮች ለርሱ ኃይል ያቀብላሉ። ዙሪያውን የከበቡት የመዳብ ሽቦዎች ፋራዴይ በ1831 ባገኘው ሕግ መሠረት ኤሌክትሪክ ይወልዳሉ። የሚወለደው ግን ወዲያና ወዲህ የሚል ስለ ሆነ እነዚህ ስድስት ዳዮዶች ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርጉታል። ይህች ጥቁር ቁራጭ ሬጉሌተሩ ናት፤ ቮልቱ እንዳያንስና እንዳይበዛ ትጠብቃለች። ሬጉሌተሯ የምታየው በአልተርናተሩ አዎንታዊ መውጫና በአልተርናተሩ በራሱ አካል መካከል ያለውን ቮልት ብቻ መሆኑን እባካችሁ በልባችሁ ያዙልን፤ ነገራችን ሁሉ ኋላ የሚፈታው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን ማየትና መዳሰስ ነበር። ይህን የሚንቅ ሰው አለ፤ እኛ ግን ከሕመሙ ገሚሱ በዓይን ይገኛል እንላለን። ኮፈኑን ከፍተን የባትሪውን ማያያዣዎች በእጃችን ብንነቀንቅ አንዱ ትንሽ ይላወሳል፤ በላዩም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በቅሎበታል። ዱቄቱን በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበን፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽተን፤ አጠበቅነው። ሲፈታ ኔጋቲቩ መጀመሪያ፤ ሲታሰር ኔጋቲቩ መጨረሻ መሆን አለበት። ይህን የገለበጠ ሰው ቁልፉ ድንገት የመኪናውን አካል ሲነካበት የእሳት ብልጭታ ያያል። ባትሪው ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለ ሆነ ብልጭታና ሲጋራ በአጠገቡ አይቀርቡም። ቺንጋውንም በአውራ ጣታችን ተጫንነው፤ አልላላም፤ አልተሰነጠቀም።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ ሄድን። የደረቅ ባትሪ ነጋዴ ሳይሆን ቴስተር ይጠየቅ። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ እያንዳንዳቸው 2.1 ቮልት የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች ስላሉት ሞልቶ ለጥቂት ሰዓታት ባረፈ ጊዜ 12.6 ቮልት ያሳያል። 12.4 ቢሆን ሦስት አራተኛ ያህል አለው፤ 12.2 ቢሆን ግማሽ፤ 12.0 ቢሆን ሩብ ነው። በቁጥሩ ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ሰውም የሚሳሳተው በዚህ ነው። «12 ቮልት አለውኮ!» ብሎ ባትሪው ሙሉ ነው የሚል አለ፤ 12 ቮልት ያለው ባትሪ ግን ተርቧል። ልኬቱ ደግሞ ሞተሩ እንደ ጠፋ ወዲያው መሆን የለበትም፤ የላይ የላዩ ኃይል ያታልላል።

መኪናዋ ያን ሌሊት ከሐኪም ቤት ተመልሳ ሁለት ሰዓት ያህል ተነድታ ነበር። ጧት ባርፈደ ጊዜ የለካነው 11.9 ቮልት ሆነ። ይህ የመጀመሪያው ፍንጭ ነበር። መብራት ሳይጠፋ አድሮ ነው የሚለውን እንኳ ለጊዜው እውነት ነው ብንል፤ ሁለት ሰዓት የተነዳች መኪና ስለ ምን ጥቂት እንኳ አልሞላችም?

ባትሪውን አውርደን በቤተ ሙከራው ቻርጀር ላይ በዝግታ ሁለት ቀን አቆየነው፤ ከዚያም አንድ ቀን አሳረፍነው፤ 12.5 ቮልት አሳየ። መኪናዋ ላይ መልሰን አንዳችን ቁልፉን ሲያዞር አንዳችን ቴስተሩን ያዝን፤ ሞተሪኖው በሚያዞርበት ሰዓት ቮልቱ ወደ 10.2 ወረደ። ከ9.6 በታች ባለ መውረዱ ባትሪው ጥቂት ጉዳት ቢኖርበትም ገና እንዳልሞተ አወቅን። እንግዲህ ሊጣል የነበረው ባትሪ አገልግሎት የሚሰጥ ባትሪ ነበር። የጥቅምቱስ ምን ነበረ? ለቁራሌ ተሸጧልና አሁን ማንም ሊጠይቀው አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ «መኪናዋ ቆማ ሳለ ኃይል የሚሰርቃት ነገር አለን?» የሚል ነው። ይህን ለማወቅ ሁሉም ነገር ጠፍቶ፤ በሮቹ ተዘግተው፤ የኔጋቲቩን ገመድ ፈትተን አምፔር የሚለካውን ቴስተር በመካከል አስገባን። 0.03 አምፔር ሆነ፤ ይኸውም የራዲዮኑና የሰዓቱ ነው። ከ0.05 በታች የሆነ እንደ ሆነ አያሳስብም። ሒሳቡን እንሥራው፦ 0.03 አምፔር በ24 ሰዓት ሲባዛ 0.72 አምፔር ሰዓት ነው፤ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን የኛን ባትሪ ግማሽ ለመጨረስ አንድ ወር ተኩል ያህል ይፈጅበታል። መኪናዋ ግን በየቀኑ ትነዳለች። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ ኖሮ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልን ቴስተሩ የሚወርድበትን መስመር እንፈልግ ነበር፤ ለዚያ አልደረስንም።

ስለ መብራቱም እንዲሁ እናስላ። ሁለቱ የፊት መብራቶች 55፣ 55 ዋት ናቸው፤ ከትንንሾቹ ጋር 11 አምፔር ያህል ይበላሉ። 70ን ለ11 ብናካፍል ሙሉ ባትሪ ከስድስት ሰዓት ተኩል በማይበልጥ ጊዜ ያልቃል። ጋሼ መኪናዋን የሚያቆሙት ከምሽቱ በሁለት ሰዓት ነው፤ ያች ሌሊት የተፈለገችው ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት ማለት ነው። መብራቱ በርቶ ቢሆን ኖሮ ባትሪው ባዶ ሊሆን ጥቂት የቀረው በመሆኑ የናፍጣውን መክፈቻ የሚይዝ ኃይል መቅረቱ ያጠራጥራል፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሠላሳ ተማሪ ወጥቶ ሲገፋ መብራቱ እንደ ፍም ቀልቶም ቢሆን ይታይ ነበር። አንዳችሁም አላያችሁም። አባባ ዘበኛው ያሉትን ነው እኛ በቁጥር የደገምነው። የአባባ ቃል ሳይሰማ የቴስተሩ ቃል መሰማቱ ግን እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠናል።

እንግዲህ ጎተራው ደኅና ነው፤ ሌባም የለም። የቀረው አራሹ ነው። ሞተሩን አስነሥተን ጥቂት ፍጥነት ሰጥተን በባትሪው ላይ ብንለካ 13.0 ቮልት ሆነ። ጤነኛ መኪና በዚህ ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት ይገባው ነበር። የፊት መብራቱንና ማራገቢያውን ብናበራ ወደ 12.4 ወረደ። ይህ ማለት ሌሊት በምትነዳበት ጊዜ ሁሉ ባትሪው ምንም አይሞላም፤ እንዲያውም ከራሱ ያዋጣል ማለት ነው። ቀን ደግሞ የሚያገኘው ቁራሽ ብቻ ነው። ለወራት እንዲህ በረሃብ የኖረ የእርሳስ ባትሪ በሰሌዳዎቹ ላይ የሰልፌት ቅርፊት ያበቅላል፤ አቅሙም ከዕለት ወደ ዕለት እየጠበበ ይሄዳል። አዲስ ባትሪ በአራት ወር የሚሞተው እንዲህ ሆኖ ነው።

በዚህ ሰዓት ሁላችንም «በቃ፤ አልተርናተሩ ተበላሽቷል» አልን። እውነቱን ለመናገር አንዳችን ስፖንሰር እንፈልግ ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ጋሼ ግን ጣልቃ ገብተው «በየካቲት ጋራዥ ወስጄው 14.2 አለው፤ ጤነኛ ነው ብለው መልሰውልኛል» አሉን። ጋራዡ ዋሽቷል ብለን ቴስተሩን በአልተርናተሩ መውጫና በአልተርናተሩ አካል ላይ ብናደርግ እውነትም 14.2! መብራት ብናበራም 14.2፤ ብናጠፋም 14.2። አራሹ በሚገባ ያርሳል ማለት ነው። ታዲያ እህሉ ጎተራ ሳይደርስ የት ይቀራል?

አሁን የምንነግራችሁ ዘዴ ከንግግራችን ሁሉ የሚጠቅመው ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ወፍራም ሽቦ ወይም የብረት መጋጠሚያ ጤነኛ ከሆነ፤ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ጊዜ ቴስተሩን በሁለቱ ጫፎች ላይ ብታስቀምጡ ዜሮ ያህል ማንበብ አለበት። ቮልት ካነበባችሁ በዚያ መካከል ቀረጥ የሚቀበል ኬላ አለ ማለት ነው። ይህም ኦም በ1827 ያሳተመው ሕግ ነው፤ ፈተና ላይ ጽፈነው ስናበቃ የረሳነው። ልኬቱ መደረግ ያለበት ጭነት ባለበት ጊዜ፤ ማለት መብራቱ በርቶ ነው፤ ኤሌክትሪክ ካልፈሰሰ ኬላውም አይታይም። ሽቦውን ነቅሎ በኦም መለኪያ መለካት በዚህ ቦታ አያዋጣም፤ ከመቶ አንድ ኦም የሚያህለውን ትንሽ እንቅፋት ርካሽ ቴስተር አያነበውም።

መብራቱን አብርተን፤ አንዱን የቴስተር እጅ በአልተርናተሩ መውጫ፤ ሌላውን በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ብናደርግ 0.2 ቮልት ሆነ። ደኅና ነው። ቀጥለን አንዱን በአልተርናተሩ አካል፤ ሌላውን በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ብናደርግ 1.6 ቮልት! ሁለቱ ሲደመሩ 1.8፤ ከ14.2 ሲቀነስ 12.4፤ በባትሪው ላይ ካነበብነው ጋር እኩል ነው። ያን ጊዜ የተሰማንን ደስታ መግለጽ አይቻለንም፤ ከመኪና በታች ተኝቶ ሒሳብ ሲገጥም ማየት በመማሪያ ክፍል ውስጥ ከሚገጥመው ይለያል።

ሰው ሁሉ ስለ ፖዘቲቩ ቀይ ሽቦ ይጨነቃል፤ የመመለሻው መንገድ፤ መካኒኮቻችን ከጣሊያንኛ ወስደው ማሳ የሚሉት፤ ይረሳል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ካልተመለሰ መሄዱም አይጠቅምም። መመለሻው ሁለት ክፍል አለው፦ አንዱ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ ብረት ያለው ወፍራም ገመድ ነው፤ ሁለተኛው ከሞተሩ ብረት እስከ አልተርናተሩ አካል ያለው መቀመጫና ብሎን ነው። ከኛ አንዱ «ወፍራሙ ገመድ ነው» ብሎ ሊፈታው ተነሣ። ሁለተኛው ግን «ቆይ» አለ። «አሁን የሚያልፈው 20 አምፔር ያህል ነው፤ በዚህ 1.6 ቮልት የሚጠፋ ከሆነ እንቅፋቱ 0.08 ኦም ነው። ሞተሪኖው በዚሁ ገመድ 200 አምፔር ሲስብ 16 ቮልት ሊጠፋ ነው፤ ባትሪው በጠቅላላው ያለው 12 ነው። ገመዱ ታሞ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ በሙሉ ባትሪም አትነሣም ነበር፤ እኛ ግን ዛሬ ጧት አሥር ጊዜ አስነሥተናታል።» በቴስተሩ ብናየው እውነቱን ነው፦ ሞተሪኖው ሲያዞር በገመዱ ላይ የጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ ኬላው ያለው በአልተርናተሩና በሞተሩ መካከል ነው። አንዱን እጅ በአልተርናተሩ አካል፤ አንዱን ከጎኑ ባለው የሞተር ብረት ላይ አደረግን፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አንድ ጋት አይሞላም፤ 1.5 ቮልት አነበብን።

አልተርናተሩን አወረድነው። ጋሼ ያን ጊዜ ያስታወሱን ነገር ነገሩን ሁሉ ፈታው፦ ከጥቅምቱ ሕመም ሁለት ወር አስቀድሞ፤ በነሐሴ፤ አልተርናተሩ ተፈትቶ ካርቦኑና ኩሽኔታው ተለውጦለት ነበር። የሠራው ሰው ሥራው እንዲያምርለት አካሉንም መቀመጫውንም ጥቁር ቀለም ቀብቶ መለሰው። በቀለሙ ላይ ተቀምጦ በቀለሙ ላይ ታሰረ። የሚነካካው በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር፤ እርሱም ዝጓል። በዚያ ጠባብ መንገድ 1.6 ቮልትና 20 አምፔር ማለት 32 ዋት ነው፤ የራዲዮ ጠጋኞች እርሳስ የሚያቀልጡበትን ብረት የሚያህል ሙቀት በአንድ ብሎን ላይ ቀንና ሌሊት ሲባክን ኖሯል። ሠሪውን አንነቅፈውም፤ ጥርት ያለ ሥራ ሊያስረክበን ብሎ ነው።

አሁን ሬጉሌተሯን በልባችሁ ያዙ ያልናችሁን አስታውሱ። እርሷ የምታየው በራሷ ቤት ያለውን 14.2 ብቻ ስለ ሆነ ሁሉ ደኅና ነው ብላ ታምናለች፤ በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የባትሪ ምልክት ቀይ መብራትም የምትታዘዘው ለርሷ ስለ ሆነ አንድም ቀን አልበራችም። ጋራዡም የለካው በዚያው ቤት ነው። ማንም አልዋሸም፤ ባትሪው ግን ተራበ።

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጩ ብረት ድረስ ፋቅን፤ ብሎኑን ለወጥን፤ ከዚህም በላይ ከአልተርናተሩ አካል ወደ ሞተሩ ብረት አንድ ወፍራም ገመድ ጨመርን። ሞተሩ ተነሣ፤ በባትሪው ላይ 14.0፤ መብራት ሲበራ 13.9። ያወጣነው ገንዘብ የአንድ ብሎን፤ የአንድ ሜትር ገመድና የሁለት ማያያዣ ዋጋ ነው።

የየቤታችሁ መኪና ሕመም የግድ ይኸው ይሆናል ማለታችን አይደለም። በብዙ የናፍጣ ፒክ አፖች ላይ ለፍሬን አየር የሚስበው ፓምፕ ከአልተርናተሩ ጀርባ ተገጥሟል፤ የዘይት መከላከያው ላስቲክ ሲያረጅ ዘይት ወደ ውስጥ ይገባና ካርቦኑን ያበላሻል፤ ካርቦኑን ብቻ ለውጦ ላስቲኩን የተወ ሰው በሁለት ወር ይመለሳል። ከዳዮዶቹ አንዱ ሲቃጠል ቮልቱ ጥቂት ብቻ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ቴስተሩን ወደ ኤሲ መለኪያ አዙራችሁ በባትሪው ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበባችሁ ዳዮድን ጠርጥሩ። ቮልቱ ከ15 በላይ ከወጣና ባትሪው ውሃውን ቶሎ ቶሎ ከጨረሰ ሬጉሌተሩ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ሞተሩ ሳይነሣ ቀይዋ መብራት ጭራሽ ካልበራች አምፑሏ ተቃጥሎ እንደ ሆነ እዩ፤ በብዙ መኪናዎች ላይ አልተርናተሩን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው በርሷ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ኮምፒዩተር ባለባቸው አዳዲስ መኪናዎች ደግሞ ናፍጣና ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል ቮልቱ ሆን ተብሎ ዝቅና ከፍ ይደረጋል፤ 12.8 አየሁ ብላችሁ አልተርናተር እንዳትገዙ፤ መብራት አብርታችሁ ጥቂት ጠብቁ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን። አልተርናተሩ መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማያያዣ የመንቀል ልማድ አለ። በዲናሞ ዘመን ብዙ ጉዳት ሳያመጣ ያልፍ ይሆናል፤ በአልተርናተር ላይ ግን ባትሪው በድንገት ሲለይ ቮልቱ ይዘልና ዳዮዶቹን፤ ሬጉሌተሩን፤ ኮምፒዩተርም ካለ ኮምፒዩተሩን ያቃጥላል። «ሞተሩ አልጠፋም፤ ስለዚህ ደኅና ነው» የሚለው ፍርድም ዋጋ የለውም፤ የኛ መኪና ያን ፈተና በሚገባ ታልፍ ነበር። ከሌላ መኪና ባትሪ ስትበደሩም ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ አያይዛችሁ፤ የመጨረሻውን የኔጋቲቭ ጫፍ በታመመችው መኪና ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ባለ የሞተር ብረት ላይ እሰሩት፤ ብልጭታው ከጋዙ ይራቅ።

የለካናቸውን ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፈን በሐምሌ መጀመሪያ ለሚመለከተው አቀረብን። ሒሳቡን የሚያዩ ሁለት መምህራን ተመደቡ፤ መኪናዋ ዘንድ ድረስ ወርደው ራሳቸው ቴስተሩን ይዘው ለኩ፤ ስለዚህም እናመሰግናቸዋለን። የስንብቱ ሐሳብ ተነሣ። ከጋሼ ደመወዝ የተቆረጠውም በነሐሴ ወር ተመለሰላቸው፤ ይቅርታ ግን በጽሑፍ አልደረሳቸውም፤ ማኅበራችን ደብዳቤ እንዲጽፍ ዛሬ ከስብሰባው በኋላ እናሳስባለን።

ቴስተሩን ለጋሼ ሰጥተናቸዋል። በየቅዳሜው ጧት ሞተሩ ሳይነሣ አንድ ጊዜ፤ ከተነሣ በኋላ መብራት አብርተው አንድ ጊዜ ለክተው በመሪው ሥር በሚያኖሩት ደብተር ይጽፋሉ። ዛሬ ጧት ወደዚህ ስንመጣ አሳይተውናል፦ 12.5 እና 13.9 ይላል፤ ከጎኑም አባባ ዘበኛው እንደ ምስክር ፈርመውበታል።